የከባድ መኪና ሾፌርነት በአሜሪካ፡- ከትምህርት ቤቱ በፊት ቀጣሪውን መምረጥ

ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ አሜሪካ የገባ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ስለማውጣት ማሰቡ የተለመደ ነገር ሆኗል። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በዳላስ፣ በሲያትል፣ በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል መሪ የጨበጠ መሐንዲስ፣ መምህር ወይም የባንክ ባለሙያ ማግኘት አያስቸግርም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአገር ቤቱን የትምህርት ማስረጃ አስገምግሞ፣ የጎደለውን ኮርስ ሞልቶና የሙያ ፈተና ተፈትኖ ወደ ቀድሞ ሥራ መመለስ ዓመታት ይወስዳል። በምኅጻረ ቃሉ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ ግን በሳምንታት ይገኛል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የከባድ መኪና ሾፌሮች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ከ57 ሺሕ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ይኸውም ግማሾቹ ከዚህ በላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዚህ በታች ያገኛሉ ማለት ነው።

እኔም አዲስ አበባ በሒሳብ ሙያ ስሠራ ቆይቼ እዚህ መሪ የጨበጥኩ ነኝ። በዚህ ሥራ መቆየቴን የሰማ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነው። «የመጀመሪያውን ዓመት ማን ዘንድ ለመሥራት አስበሃል?» ብዙዎቹ ጥያቄውን የሸሸሁ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ሾፌሩን የሚያስከፍለውም ሆነ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ቀጣሪ ነው። ትምህርት ቤቱ ወደዚያ የሚያደርሰው በር ብቻ ነው። በሩን አስቀድሞ መርጦ ቤቱን በኋላ ማየት፣ በእኔ አመለካከት፣ የተገለበጠ አካሄድ ነው።

በቅድሚያ ስለ ፈቃዱ ጥቂት ልበል። ተሳቢ የሚጎትተውን ትልቁን መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገው «ክላስ ኤ» የሚባለው ደረጃ ሲሆን፣ መኪናውና ተሳቢው በአንድነት 26 ሺሕ 1 ፓውንድና ከዚያ በላይ፣ ተሳቢው ብቻውን ደግሞ ከ10 ሺሕ ፓውንድ በላይ ሲሆን ይጠየቃል። ዕድሜው 18 የሞላ ሰው በአንድ ግዛት ውስጥ መንዳት ሲችል፣ ከግዛት ወደ ግዛት ጭነት ለማመላለስ ግን 21 መሙላት አለበት። የሕክምና ምርመራ አለ፤ የደም ግፊት፣ የዓይንና የጆሮ ፍተሻ ይደረጋል። የጤና ካርዱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ያገለግላል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን በአጭር ጊዜ ተመልሶ እንዲመረመር ሊታዘዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የጽሑፍ ፈተና ተፈትኖ የመለማመጃ ፈቃድ ይወሰዳል። ይህ ፈቃድ በእጅ ከገባ ቢያንስ 14 ቀን ሳያልፍ የመንዳት ፈተና መፈተን አይቻልም። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው መኪናውን ከመነሳት በፊት ክፍል በክፍል እየጠሩ መፈተሽ፣ ሁለተኛው በተከለለ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ መንዳትና ማቆም፣ ሦስተኛው መንገድ ላይ መንዳት ነው። አገር ቤት ለዓመታት መኪና የነዱ ሰዎች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው በተቃራኒው ይሠራልና በቤት መኪና ያካበቱት ልምድ እዚያ ላይ ጠላት ይሆናል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ፈተናውን በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ በእጅ ማርሽ እንዳይነዳ የሚከለክል ምልክት ይጻፍበታል። ዛሬ ትላልቆቹ ድርጅቶች በአብዛኛው አውቶማቲክ ስለሚይዙ ለብዙ ሰው ይህ ችግር አይሆንም። የግንባታ ዕቃ፣ አፈርና ጠጠር የሚያመላልሱ አንዳንድ አነስተኛ ድርጅቶች ግን አሁንም ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች አሏቸው። ከቤተሰቡ ሳይርቅ በየቀኑ ማታ መግባት የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይጠቀማል።

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ አመልካች በፌዴራል መንግሥት መዝገብ ላይ ከሰፈረ አሠልጣኝ ዘንድ ሳይሠለጥን የመንዳት ፈተና መፈተን አይችልም። ከዚያ በፊት በዘመድ መኪና ተለማምዶ መፈተን ይቻል የነበረበት ዘመን በዚህ ተዘግቷል። ሕጉ ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍተት አለበት። በንድፈ ሐሳቡ ፈተና ቢያንስ 80 ከመቶ ማግኘት ግድ ሲሆን፣ መሪ ላይ ስንት ሰዓት መቀመጥ እንዳለበት ግን የፌዴራሉ ሕግ ቁጥር አላስቀመጠም። «በቅቷል» ብሎ የሚወስነው አሠልጣኙ ነው። ወደ መዝገቡ የሚገባውም ድርጅቱ «መሥፈርቱን አሟላለሁ» ብሎ ራሱ በሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። በመሆኑም መዝገቡ ላይ መገኘት የጥራት ምስክር ሊሆን አይችልም። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ወደ 3 ሺሕ የሚጠጉ አሠልጣኞችን ከመዝገቡ ሊያስወጣ መሆኑን፣ ሌሎች 4 ሺሕ 500 ያህሉንም ማስጠንቀቁን አስታውቆ ነበር። ገንዘብ ከፍሎ ግማሽ ላይ ትምህርት ቤቱ ቢሰረዝበት ጉዳቱ የተማሪው ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚነሳው ዋጋው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። በአንድ መኪና ላይ ስንት ተማሪ ይመደባል? እኔ ራሴ መሪውን የምይዘው ስንት ሰዓት ነው? አራት ተማሪ በአንድ ጋቢና ተቀምጦ አንዱ ሲነዳ ሦስቱ የሚያዩበት ትምህርት ቤት «160 ሰዓት ሥልጠና» ብሎ ቢያስተዋውቅ ቁጥሩን ማካፈል ያስፈልጋል። ፈተና ብወድቅ ድጋሚ የምፈተነው በማን መኪና ነው፣ ስንትስ ያስከፍላል? ይህም መጠየቅ አለበት።

ስለ ቋንቋና ስለ መኖሪያ ፈቃድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአማርኛ የሚያስረዳ አሠልጣኝ ማግኘት ለፈተናው ሊረዳ ይችላል፤ ለሥራው ግን አይበቃም። ሾፌሩ እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር እንዲችል የሚያዘው የፌዴራል ደንብ ቆየት ያለ ነው። አተገባበሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ላልቶ የነበረ ሲሆን፣ በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ያወጡትን ትዕዛዝ ተከትሎ ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ በፍተሻ ጊዜ ለጥያቄ መልስ መስጠት ያልቻለ ሾፌር እዚያው ከሥራ እንዲታገድ ተደርጓል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መደበኛውን ሲዲኤል ያወጣል። በጥገኝነት ማመልከቻ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ላይ ያለ ሰው ጉዳይ ግን ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ እጅግ ጠብቋል፤ ፍርድ ቤትም ደርሷል። እንዲህ ያለ ሰው ለትምህርት ቤት አንድ ዶላር ከመክፈሉ በፊት የሚኖርበትን ግዛት የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት። «እኛ እናስጨርስልሃለን» የሚለውን የትምህርት ቤት ደላላ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመጀመሪያው ቀጣሪ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል?

ሲዲኤል ያወጣ ሰው በሕግ ፊት ሾፌር ነው። በኢንሹራንስ ፊት ግን ገና ማንም አይደለም። አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች ቢያንስ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልምድ የሌለውን ሰው አነስተኛ ድርጅት መኪና ላይ ማስቀመጥ አይፈልጉም፤ ቢፈልጉም ዋጋውን ይሰቅሉታል። ጥሩ የሚከፍሉትና ማታ ቤት የሚያስገቡት አብዛኞቹ ሥራዎች ከዚያ አጥር ወዲያ ናቸው። አጥሩን የሚያሻግረው ንጹሕ የሆነ የአንድ ዓመት መዝገብ ነው። መዝገቡ ደግሞ አይረሳም። ለሾፌርነት የሚያመለክት ሰው የ10 ዓመት የሥራ ታሪኩን ይጽፋል። አዲሱ ቀጣሪ ያለፉትን 3 ዓመታት የደኅንነት ታሪክ ከቀድሞ ቀጣሪዎች የመጠየቅ ግዴታ አለበት። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ የ5 ዓመት አደጋና የ3 ዓመት የመንገድ ፍተሻ ውጤት ይዞ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የአልኮልና የዕፅ ምርመራ ውጤት የሚሰበሰብበት ብሔራዊ ቋትም አለ። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ በዚህ ቋት የታገደ ሰው ፈቃዱን ግዛቱ ራሱ ያወርድበታል። አንዳንድ ግዛቶች ማሪዋና ፈቅደዋል ብሎ የሚዘናጋ ሰው አለ፤ ለሾፌር የሚሠራው የፌዴራሉ ሕግ ነው። ስለ ጫትም መነገር አለበት። በትኩሱ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት የመጀመሪያው ረድፍ ዕፆች አንዱ ነው። «ባህላችን ነው» የሚል ክርክር መንገድ ዳር ከቆመ ፖሊስ ጋር አያዋጣም።

በመሆኑም አዲሱ ሾፌር በመጀመሪያው ዓመት የሚያመርተው ትልቁ ሀብት ደመወዙ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ቀጣሪ ሲመረጥም «ስንት ይከፍላል?» ከሚለው በፊት «ሳልጋጭ፣ ሳልቀጣና ሳልባረር አንድ ዓመት የምጨርሰው የት ነው?» የሚለው መቅደም አለበት። ይህ ከታወቀ የሥልጠናው መንገድ ራሱ ይመረጣል።

የመጀመሪያው መንገድ በራስ ገንዘብ የግል ትምህርት ቤት መግባት ነው። ዋጋው እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ በሺሕዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ጥቅሙ ነፃነት ነው፤ ማንም ላይ ዕዳ የለበትምና ተመራቂው ቀጣሪ ያማርጣል። ከመመዝገብ በፊት ግን መሥራት ወደሚፈልጉበት ድርጅት ደውሎ «የዚህን ትምህርት ቤት ተመራቂ ትቀበላላችሁ?» ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ትላልቅ ድርጅቶች ፌዴራሉ ባይጠይቅም የተወሰነ ሰዓት ይጠይቃሉ። በአንድ ሳምንት አስፈትኖ የሚያወጣው ርካሽ ትምህርት ቤት ፈቃድ ይሰጥ ይሆናል፤ ቀጣሪ ግን አይሰጥም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አውቃለሁ። ፈቃዱ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ሥራቸው ግን አሁንም ኡበር ነው።

ሁለተኛው፣ እኔ በበኩሌ ጊዜ ላለው ሰው የምመርጠው፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሮግራም ነው። ረዘም ይላል፤ ሰዓቱ ግን እውነተኛ ነው፤ በቀጣሪዎች ዘንድም ይታወቃል። የእኛ ሰው ብዙም የማይጠቀምበት አንድ ዕድል ከዚህ ጋር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የሠራተኛ ኃይል ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥት ለሙያ ሥልጠና ገንዘብ ይመድባል። ገንዘቡ በየከተማው ባሉት የሥራ ማዕከላት በኩል የሚሰጥ ሲሆን፣ ሥራ ያጣ ወይም ገቢው ዝቅተኛ የሆነ፣ የመሥራት መብት ያለው ሰው ሊያመለክት ይችላል። ሲዲኤል በብዙ አካባቢዎች ከሚሸፈኑት ሥልጠናዎች አንዱ ነው። ወረቀቱ አሰልቺ ነው፤ ቀጠሮውም ይንዛዛል። አገር ቤት የመንግሥት ቢሮ ለለመደ ሰው ግን ይህ አዲስ ነገር አይሆንም።

ሦስተኛው በራሱ በድርጅቱ ወጪ መሠልጠን ነው። እንደ ስዊፍትና ፕራይም ያሉ ግዙፍ ድርጅቶች የራሳቸው ማሠልጠኛ አላቸው። ገንዘብ ለሌለው ሰው ይህ መንገድ ክፍት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ በጅምላ አላወግዘውም። ነገር ግን «ነፃ» የሚለውን ቃል ሲያዩ ውሉን ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ ሠልጣኙ የተወሰነ ጊዜ፣ በአብዛኛው አንድ ዓመት ያህል፣ ለማገልገል ይፈርማል፤ ቀድሞ ከወጣ የሥልጠናውን ዋጋ ይከፍላል። በውሉ ላይ መፈለግ ያለባቸው አራት ነገሮች አሉ። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ሙሉ ሆኖ ይቆያል? ድርጅቱ ራሱ ቢያሰናብተኝስ እከፍላለሁ? ወለድ አለው? ዕዳው ለአስከፋይ ድርጅት ይተላለፋል? ዕዳው በየወሩ የሚቀንስበት፣ ካሰናበቱም የማይጠይቁበት ውል ተቀባይነት አለው። በአሥራ አንደኛው ወር የወጣውን ሰው ሙሉውን የሚያስከፍል ውል ግን ሥልጠና ሳይሆን ወጥመድ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሚፈረሙ ውሎች ላይ «ወይ ቆይ ወይ ክፈል» የሚሉ ግዴታዎችን ገድባለች፤ የሌላው ግዛት ነዋሪ ግን በፊርማው ነው የሚታሰረው።

ይህ ሥጋት ከአየር የመጣ አይደለም። ዶሚኒክ ኦሊቬራ የተባለ ሾፌር ፕራይምን ከሶ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በክሱ እንደተመለከተው በሥልጠናው የመጀመሪያ ምዕራፍ 10 ሺሕ ማይል ያለ ደመወዝ፣ በሁለተኛው ደግሞ በሰዓት ሲሰላ 4 ዶላር ገደማ እየተከፈለው 30 ሺሕ ማይል ነድቷል፤ ከዚያም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ተቋራጭ እንዲሠራ ተደርጓል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 2019 በአንድ ድምፅ የወሰነው፣ ተቋራጭ ተብሎ የፈረመ ሾፌርም ቢሆን በፌዴራሉ የግልግል ሕግ ተገድዶ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሊመለስ እንደማይገባ ነው። ክርክሩም በኋላ በ28 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጭቷል።

ለመሆኑ ድርጅቶቹ ሁልጊዜ አዲስ ሰው የሚፈልጉት ለምንድን ነው? መልሱ ከሾፌር እጥረት ይልቅ በሾፌር ፍልሰት ውስጥ ይገኛል። ረጅም ርቀት በሚሠሩት ትላልቅ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2017 ባለው ጊዜ የሾፌር ፍልሰት በአማካይ በዓመት 94 ከመቶ ነበር። መቶ መቀመጫ ያለው ድርጅት በየዓመቱ ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ይተካል ማለት ነው። ስቲቭ ቪሴሊ የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ራሱ ሠልጥኖ፣ ራሱ ነድቶ በ2016 ያሳተመው «ዘ ቢግ ሪግ» የተሰኘ መጽሐፍ ይህን አዙሪት በዝርዝር ያሳያል። ለቅጥር ተብሎ በየማስታወቂያው የሚፈሰውን የአቀባበል ጉርሻ በዚህ ዓይን ማየት ይበጃል። ሾፌሮቹ የሚቆዩለት ድርጅት ብዙ ጉርሻ አያስተዋውቅም።

ከሦስቱ ሌላ ብዙም የማይወራ አራተኛ መንገድ አለ። በመጋዘን የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና ይህን በተለይ ለእነሱ እላለሁ። የብዙ ደንበኞችን ዕቃ በአንድ ተሳቢ አጣምረው የሚያጓጉዙ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ኦልድ ዶሚኒየን፣ በዕቃ ማራገፊያው ላይ የሚሠሩ ሠራተኞቻቸውን ራሳቸው ሾፌር አድርገው ያሠለጥናሉ። ዋልማርትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለራሱ ሠራተኞች የ12 ሳምንት ማሠልጠኛ ከፍቷል፤ በዚያው ዓመት የአዲስ ሾፌሮቹ የመጀመሪያ ዓመት ገቢ ከ95 ሺሕ እስከ 110 ሺሕ ዶላር ሊደርስ እንደሚችል አስታውቋል። ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ሳጥን ተሸክሞ መጠበቅ ለዲግሪ ባለቤት ይከብደው ይሆናል። ያለ ዕዳና ሌላው ሾፌር ዓመታት ከለፋ በኋላ በሚያገኘው ሥራ መጀመር ግን ትዕግሥቱን ይክሳል።

አምስተኛው የእኛው ቤት መንገድ ነው። ዘመድ ወይም የአገር ልጅ መኪና ገዝቷል፤ «ና አብረን እንሥራ» ይላል። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው። ኢንሹራንሱ ላይ ስሜ አለ? ደመወዜ እንደ ተቀጣሪ ነው ወይስ እንደ ተቋራጭ? ሁለተኛው ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር 7.65 ከመቶ መሆኑ ቀርቶ ሙሉው 15.3 ከመቶ በሾፌሩ ላይ ይወድቃል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው መድንም ላይኖር ይችላል። የባለቤቱን መኪና፣ በባለቤቱ ትዕዛዝ፣ ባለቤቱ ባለው ሰዓት የሚነዳ ሰው ተቋራጭ መባሉ ራሱ በሕግ ያጠያይቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዳንድ ትላልቅ ድርጅቶች ከአንድ መኪና ባለቤት የመጣ የልምድ ወረቀት አይቀበሉም፤ ዓመቱ ሙሉ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስለ ክፍያ ሒሳብ ልሥራ፤ የቀድሞ ሙያዬ ነው። ረጅም ርቀት የሚሠራ ሾፌር በአብዛኛው የሚከፈለው በማይል ነው። ለምሳሌ በማይል 50 ሳንቲም ቢሆንና በሳምንት 2 ሺሕ 200 ማይል ቢነዳ 1 ሺሕ 100 ዶላር ያገኛል። ሕጉ በቀን ቢበዛ 11 ሰዓት መንዳት፣ በ8 ቀን ደግሞ 70 ሰዓት ሥራ ላይ መሆንን ይፈቅዳል። ሾፌሩ በሳምንቱ 60 ሰዓት ሥራ ላይ ቢቆይ በሰዓት 18 ዶላር ከ33 ሳንቲም ሆነ። አሁን ጭነት ቀዝቅዞ፣ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ውሎ ማይሉ 1 ሺሕ 600 ቢሆንስ? ያው 60 ሰዓት፣ 800 ዶላር፤ በሰዓት 13 ዶላር ከ33 ሳንቲም። በፌዴራሉ ሕግ አብዛኛው ከግዛት ወደ ግዛት የሚሠራ ሾፌር የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይመለከተውም። በመሆኑም «በማይል ስንት?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ያለፈው ወር አዲስ ሾፌሮቻችሁ በአማካይ ስንት ማይል ነዱ? ስጠብቅ ይከፈላል? ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ? ማይሉ የሚቆጠረው በእውነት በምነዳው መንገድ ነው ወይስ በካርታ ላይ ባለው አጭር ርቀት?» የሚል ነው። መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መቀበል ነው።

ትምህርት ቤቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ የአሠልጣኝ ወቅት ይመጣል። አዲሱ ሾፌር ለጥቂት ሳምንታት ልምድ ካለው ሾፌር ጋር በአንድ ጋቢና ውስጥ እየነዳ፣ እየበላና እየተኛ ይሠራል። አገር ቤት ረዳት ሆኖ ጎማ እየቀየረና ሸራ እያሰረ መሪ የለመደውን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም። የሚለየው እዚህ ረዳቱ ራሱ የሚነዳ መሆኑ ነው፤ አንዳንዱ አሠልጣኝም ተማሪው በሚነዳው ማይል ጭምር ይከፈለዋል። ከኋላ ተኝቶ አዲሱን ሰው በሌሊት በተራራ መንገድ የሚያስነዳ አሠልጣኝ እያሠለጠነ አይደለም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት አሠልጣኙ ራሱ የስንት ዓመት ልምድ እንዳለው፣ መጀመሪያ ላይ አጠገቤ ነቅቶ ይቀመጣል ወይ፣ ካልተስማማን መቀየር እችላለሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔን ያሠለጠነኝ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ ሸካራ መሬት ላይ ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት ያስለምደኝ ነበር። ለክፍያ አልነበረም፤ እሱ ሲጠይቀው የተበሳጨ አሠልጣኝ ስለነበረው ነው አለኝ።

ሊዝ ስለሚባለው ነገር አቋሜን በግልጽ ልናገር። ድርጅቱ መኪናውን በሳምንታዊ ክፍያ ለሾፌሩ ይሰጣል፤ «የራስህ አለቃ ትሆናለህ፣ መጨረሻ ላይ መኪናው ያንተ ነው» ይላል። መኪናውን የሚሸጠው፣ ጭነቱን የሚሰጠው፣ ሒሳቡንም የሚይዘው አንድ አካል ነው። የመኪናው ክፍያ፣ ናፍጣው፣ ኢንሹራንሱና የጥገናው ተቀማጭ ከተቀነሰ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ባዶ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ወረቀት የሚቀበል ሰው አለ። ጭነት ሲቀዘቅዝ ድርጅቱ ማይል አያጎድልም ብሎ የፈረመለት የለም። በምክር ቤቱ ትዕዛዝ የተቋቋመው የፌዴራል የመኪና ሊዝ ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ሪፖርት እንዲህ ያሉ የሊዝ ግዥ ፕሮግራሞች በሕግ እንዲታገዱ መክሯል። ለአዲስ ሾፌር በመጀመሪያው ዓመት ሊዝ የሚያቀርብ ድርጅት ካለ፣ እኔ ሌላውን ሁሉ ሳልጠይቅ ነው የምሄደው። መኪና መግዛት የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓመት ተቀጥሮ፣ የሌላ ሰው ጥገና ስንት እንደሚያወጣ አይቶ፣ ከባንክ ተበድሮ ይግዛ።

ድርጅትን መመርመር የሚቻለው ከቀጣሪ ወኪሉ አንደበት አይደለም፤ ወኪሉ የሚለካው ባመጣው ሰው ቁጥር ነው። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ «ሴፈር» የተባለ ለሁሉም ክፍት የሆነ መረጃ አለው። የድርጅቱን ስም ወይም በመኪናው በር ላይ የተጻፈውን የዲኦቲ ቁጥር ያስገባ ሰው ስንት መኪና እንዳለው፣ ባለፉት 2 ዓመታት ስንት አደጋ እንደተመዘገበበት፣ በፍተሻ ስንት መኪናው ከመንገድ እንደታገደ ከአገሪቱ አማካይ ጋር ያያል። የመኪናው ፍሬን ችግር በፍተሻ ሲገኝ በሾፌሩም የፍተሻ መዝገብ ላይ ይታያልና መኪኖቹ በብዛት የሚታገዱበት ድርጅት የአዲሱንም ሾፌር መዝገብ ያበላሻል። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ወይም እሑድ የነዳጅ ማደያ ሄዶ የድርጅቱን ሾፌሮች ማነጋገር ነው። ስንት ይከፈልሃል ከማለት ይልቅ «ዲስፓቸርህ ሰዓትህ አልቋል ስትለው ምን ይልሃል?» ብዬ ብጠይቅ ብዙ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሰዓቱን መኪናው ላይ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይቆጥረዋል። አሁንም ግን «ትንሽ ግፋ» የሚል አለቃ አልጠፋም።

ቤተሰብ ያለው ሰው ስለ ቤት መግቢያው በግልጽ ይነጋገር። አንዳንድ የረጅም ርቀት ድርጅት ለእያንዳንዱ የሳምንት ጉዞ አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ሦስት ሳምንት ተነድቶ ሦስት ቀን ቤት ማለት ነው። ክልላዊ የሚባለው ሥራ በየሳምንቱ መጨረሻ ያስገባል፤ ክፍያው ትንሽ ቢያንስም ለመጀመሪያ ዓመት የሚሻል ይመስለኛል። ሰው ስለሚያርፍ፣ ያረፈ ሰው ደግሞ ስለማይጋጭ። ጥንድ ሆኖ በአንድ መኪና መሥራት ማይሉን ከፍ ያደርጋል፤ የሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ መተኛት የማይችል ሰው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ አይዘልቅበትም።

ዓመቱ አልቆ ወደ ተሻለ ሥራ ሲሸጋገሩ አወጣጡም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። መኪናውን ከድርጅቱ ግቢ ውጭ ጥሎ መሄድ በሾፌሩ የሥራ ታሪክ ላይ ለዓመታት የሚነበብ ቃል ያስጽፋል፤ ምንም ያህል ቢበደሉ አይደረግም። የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሰጣል፤ መኪናው በተቀበሉበት ግቢ ይመለሳል፤ ውስጡና ውጪው፣ ጎማውና የማይል ቆጣሪው በስልክ ፎቶ ይነሳል። የሥልጠና ዕዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤም ከድርጅቱ ይጠየቃል። ያንን ደብዳቤ፣ የመጨረሻውን የክፍያ ወረቀትና ከትምህርት ቤቱ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት በአንድ ፋይል ማስቀመጥ ነው፤ ቀጣዩ ቀጣሪ ከሚጠይቃቸው መካከል ናቸው።